«አሥራ ሁለት ቮልት ምን ታደርጋለች?»

አመሻሽ ላይ ወልቂጤ ደርሶ ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ፥ ሻንጣውን ገና ከመሬት ሳያኖር ዓይኑን የሚስበው የቤት ዕቃ መሸጫዎቹ ብርሃን ነው። ባለሱቆቹ የጣራውን መብራት ያጠፉና ቡፌዎቹን ብቻ ያበራሉ። ከመስተዋቱ በስተ ጀርባ ሰማያዊው፥ ነጩና ወይን ጠጁ ብርሃን እንደ ክር ተዘርግቶ ሲታይ፥ አንድ ብርጭቆ እንኳ ያልተቀመጠበት ባዶ መደርደሪያ የሠርግ ቤት ይመስላል። ከጉራጌ ተራራዎች ወዲያ ማዶ፥ በምሥራቅ በኩል ባለችው በቡታጅራም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሁለቱ ከተሞች እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ዞን ሥር ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፥ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል። በቡፌ መብራት ፍቅር ግን አልተለያዩም።

ቡፌ በኢትዮጵያዊ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ ማስረዳት ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቆጠራል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች፥ ካባ ለብሶ የተመረቀው ልጅ ፎቶግራፍ፥ ከዐረብ አገር የተላከው የስኒ ስብስብ ሁሉ የሚኖሩት በዚያ ነው። ይህም ነገር ዘመናይ ብቻ አይደለም። ባህላዊውን የጉራጌ ቤት ገብቶ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ተወልውሎ የሚያብረቀርቀው የሸክላ ዕቃና በቀለም ያጌጠው ስፌት በግድግዳው ዙሪያ በሥርዓት ተደርድሮ ይታያል፤ ማታ ማታም በምድጃው እሳት ነጸብራቅ ይደምቃል። እንግዲህ የቤቱን ጌጥ በብርሃን ማሳየት የአያቶቻችንም ምኞት ነበረ ማለት ነው። የእነርሱ እሳት ግን ከቤቱ መካከል፥ ሁሉ ከሚያየው ስፍራ ተቀምጦ ይነድ ነበር እንጂ ከእንጨቱ ጀርባ ተሸሽጎ አልነበረም።

ዛሬ ስለዚህ ስለ ተሸሸገው እሳት ለመጻፍ የተነሣነው በሰው ላይ የደረሰውን ሰምተን አይደለም፤ በራሳችን ቤት፥ በራሳችን እጅ የሆነ ስለ ሆነ ነው። (እኛ ስንል አንድ ሰው ብቻ መሆናችንን አንባቢ ይረዳልናል።)

በ2017 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ሲቃረብ ለሥራ ጉዳይ ወልቂጤ ሰንብተን ነበር። ለመስቀል ባዶ እጁን አገሩ የሚገባ ሰው ምን እንደሚባል የጉራጌ አገር ተወላጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለዐረፋም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ቡታጅራ ለምትኖረው እናታችን ቡፌ ልናሠራ ወደ አንድ አናጺ ዘንድ ሄድን። አናጺው ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፥ ጆሮአቸው ላይ እርሳስ የማይለያቸው፥ ቃላቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ስለ መብራቱ ስንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ እኔ የእንጨት ሰው ነኝ። የሽቦውን መሄጃ ቦይ አወጣልሃለሁ፤ መብራቱን የሚያውቅ ሰው ያስገባልህ» አሉን።

የሚያውቅ ሰው! ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ሁለት ዓመት አልሞላንም። የኦምን ሕግ ከአሥረኛ ክፍል ጀምረን ስንጽፈው የኖርን ሰዎች ለአምስት ሜትር መብራት ባለሙያ ልንቀጥር ነውን? ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሄድንና አምስት ሜትር ጥቅል የመብራት ጥብጣብ፥ 12 ቮልት የሚሰጥ አዳፕተር፥ ለድምፅ ማጉያ የሚያገለግለውን ቀጭን ጥንድ ሽቦ፥ በመጨረሻም በራስጌ መብራት ገመድ ላይ የምትገኘውን ትንሿን ማብሪያ ገዛን። ማብሪያዋ ትበቃ እንደ ሆነ ለማረጋገጥ ብንጠይቅ ባለሱቁ ሣቀ። «ወንድሜ፥ ይቺ እኮ 250 ቮልት ትችላለች፤ ተጽፎባታል። አሥራ ሁለት ቮልት ምን ታደርጋለች?» አለን። እውነትም ተጽፎባታል። እኛም አምነን ከፍለን ወጣን።

ቡፌው በአይሱዙ ተጭኖ ቡታጅራ ደረሰ። በደመራው ዋዜማ ሽቦውን በቦዩ ውስጥ አሳለፍን፤ ጫፍና ጫፉን በጥርሳችን ልጠን ጠመዘዝንና በናስትሮ ጠቀለልነው። አዳፕተሩን እንዳይታይ ከቡፌው ጀርባ ከግድግዳው ጋር አጣበቅነው። ማብሪያዋን ከአዳፕተሩ በኋላ፥ ማለት በ12 ቮልቱ በኩል፥ በቡፌው ጎን ላይ አደረግናት፤ ለልጆች እጅ አያሰጋም ብለን ነው፤ ይህ አሳባችን ብቻውን ሲታይ ስሕተት አልነበረበትም። ከዚያም ጎረቤት ተጠርቶ አበራነው። እናታችን እልል አለች። ለሁለት ቀን ያህል «ልጇ ያሠራላትን» ሊያዩ ያልመጣ የሰፈር ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ሌሊት፥ እንግዶቹ ገና ቡና ሲጠጡ መብራት ሄደ። በሻማ ሸኘናቸውና ተኛን። መብራት በሄደበት ቤት ማብሪያን ማጥፋት ማን ያስታውሳል? እኩለ ሌሊት አልፎ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቡፌው ማንም ሳያየው በራ፤ ስንት ሰዓት እንደ በራም አናውቅም። ንጋት ላይ እናታችን፥ «ልጄ፥ ፌስታል የሚቃጠል ይሸተኛል» ብላ ቀሰቀሰችን። ብርሃኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማብሪያዋን ለማጥፋት እጃችንን ብንሰድድ ተለበለብን፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ማር ተንጠልጥሏል። ስፒናውን ከግድግዳው ነቅለን ቡፌውን ስናዞረው፥ ከማብሪያዋ ኋላ ያለው እንጨት የስኒ ማስቀመጫ በሚያክል ስፋት ከስሎ አገኘነው። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ጣራው ሥር የተወጠረውም አቡጀዴ ነው። ከዚህ በላይ ማለት አያሻም።

በነጋታው የሰፈሩን የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብንፈልግ ለበዓል ወደ ገጠር ሄዷል ተባለ። አንድ ጎረቤታችን፥ «እዚህ መንገድ ዳር ባጃጅ የሚሠራ ልጅ አለ፤ እርሱ ይሻላል» ቢለን ነገሩ አልጣመንም። የባጃጅ ሠራተኛ ስለ ቤት መብራት ምን ያውቃል? ሆኖም ሌላ ሰው ስላልነበረ የቀለጠችውን ማብሪያ በወረቀት ጠቅልለን ሄድን። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። በዙሪያው ሦስት ባጃጆች ቆመዋል፤ የአንዱ ውስጥ ከወልቂጤ ቡፌዎች የበለጠ ብዙ ቀለም ያለው መብራት ተዘርግቶበታል። ማብሪያዋን አገላብጦ አየና፥

«ስንት ነው የሚስበው?» አለን።

«12 ቮልት ነው» አልነው።

«ቮልቱንማ አልጠየቅሁህም ወንድሜ። አምፔሩ ስንት ነው?»

ዝም አልን። የምናውቀው መስሎን የኖርነው ነገር በአንድ ጥያቄ ከእጃችን ወጣ። እርሱ ግን በጣቱ መቁጠር ጀመረ፦ የጥብጣቡ ዓይነት በሜትር 14 ዋት ከትንሽ ይበላል፤ አምስት ሜትር ነው፤ 72 ዋት ያህል ሆነ፤ ለ12 ሲካፈል 6 አምፔር። ከዚያም በማብሪያዋ ሆድ ላይ ያለውን ደቂቅ ጽሕፈት በጥፍሩ ጠቆመን። ባለሱቁ ያነበበልን «250 ቮልት» የሚለውን ነበር። ከአጠገቡ «2 አምፔር» የሚልም ነበረ፤ እርሱን ያነበበ ሰው አልነበረም።

ባጃጅ በ12 ቮልት ባትሪ የምትሠራ መሆኗን ያሰብነው ከዚህ በኋላ ነው። የቤቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ ከ220 ቮልት ጋር ይኖራል፤ ፍርሃቱም ጥንቃቄውም ለዚያ የተለማመደ ነው። የዝቅተኛውን ቮልት ጠባይ በየቀኑ የሚያየው፥ የቀለጠ ሽቦ በየሳምንቱ የሚቀይረው የባጃጁ ልጅ ነው። ጎረቤታችን ከእኛ ይልቅ ያውቅ ኖሯል።

አሁን ነገሩን ለአንባቢ ግልጥ ለማድረግ እንሞክር። አንድ ጎተራ እህል ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ይጓጓዝ እንበል። ተሸካሚዎቹ ብርቱዎች ከሆኑና እያንዳንዱ ኩንታል የሚያነሣ ከሆነ ጥቂት ሰው ይበቃል፤ በሩም አይጨናነቅም። ተሸካሚዎቹ ሕፃናት ቢሆኑና እያንዳንዱ አንድ ቁና ብቻ ቢይዝ ግን፥ በዚያው ጊዜ ያንኑ እህል ለማድረስ እጅግ ብዙ ልጆች በበሩ መጋፋት አለባቸው። ቮልት ማለት አንዱ ተሸካሚ የያዘው የሸክም ልክ ነው፤ አምፔር ማለት በየሴኮንዱ በበሩ የሚያልፈው የተሸካሚ ብዛት ነው፤ ዋት የምንለው ደግሞ በየሴኮንዱ የሚደርሰው ጠቅላላ እህል ነው። ማብሪያ በሩ ናት። 72 ዋት በ220 ቮልት ሲመጣ፥ የአዳፕተሩ ብክነት ሳይታሰብ፥ አንድ ሦስተኛ አምፔር ብቻ ነው። ያው 72 ዋት በ12 ቮልት ሲመጣ 6 አምፔር ይሆናል፤ አሥራ ስምንት እጥፍ ያህል ማለት ነው። በሽቦና በመገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በአምፔሩ ልክ ሳይሆን አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ልክ ስለ ሆነ፥ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ300 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሰውን የሚመታው ቮልት ነው፤ እንጨትን የሚያቃጥለው ግን አምፔር ነው። ባለሱቁ ስለ ሰው አሰበ፤ እኛም ከእርሱ ጋር።

ማብሪያ ላይ የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች የማይለዋወጡ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። 250 ቮልትና 2 አምፔር የተባለች ማብሪያ 500 ዋት ትችላለች ብሎ በ12 ቮልት ላይ ያንኑ 500 ዋት መጠበቅ አይቻልም። በ12 ቮልት የምትችለው ያችኑ 2 አምፔር ነው፤ ይኸውም 24 ዋት ብቻ። እኛ ሦስት እጥፍ አሸከምናት።

በዚህም ላይ ሌላ ነገር አለ። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሲ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው፤ ስለዚህም በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ማብሪያ ሲጠፋ በሁለቱ ብረቶች መካከል የምትዘል ትንሽ የእሳት ፍንጣሪ አለች፤ ኤሲው ዜሮ ላይ ሲደርስ እርስዋም ትከስማለች። ከአዳፕተር ወይም ከባትሪ የሚወጣው ዲሲ ግን ዕረፍት የለውም፤ ፍንጣሪዋ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች፤ ብረቱንም ትበላዋለች። የተበላ ብረት በደንብ አይገናኝም፤ በደንብ ያልተገናኘ ብረት ይግላል። ለዚህ ነው ጥሩ ማብሪያዎች ላይ የኤሲውና የዲሲው አምፔር ተለይቶ የሚጻፈው፤ የዲሲው ቁጥርም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው። በ12 ቮልት ላይ ፍንጣሪዋ ደካማ ናት፤ ነገር ግን ጎረቤት በተጠራ ቁጥር ለማሳየት ሃያ ጊዜ አብርቶ ሃያ ጊዜ የሚያጠፋ ሰው ካለ (እኛ ነበርን) ሥራዋን ትሠራለች።

ስለ ሽቦውም ብንናገር አይከፋም። የገዛነው የድምፅ ማጉያ ሽቦ መዳቡ ግማሽ ሚሊሜትር ካሬ ነው። ከአዳፕተሩ እስከ ጥብጣቡ ሦስት ሜትር ርቀት አለ፤ መሄጃና መመለሻው ስድስት ሜትር ይሆናል። በዚህ መንገድ ላይ 6 አምፔር ሲያልፍ ከ12 ቮልቱ አንድ ቮልት ከሩብ ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ከሰባት ዋት በላይ የሆነ ሙቀትም በእንጨቱ ቦይ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ለካ የጥብጣቡ ጫፍ ደብዘዝ ያለው ለዚህ ነበር፤ እኛ ግን ከፋብሪካው ነው ብለን ነበር። በጥርስ ተልጦ የተጠመዘዘው መገናኛ ደግሞ የባሰ ነው። የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ብቻ የሚያህል መጥፎ መገናኛ በ6 አምፔር ሦስት ዋት ተኩል ያህል ሙቀት ይሰጣል። ሦስት ዋት ተኩል በሰፊ ስፍራ ሲሆን ምንም አይደለም፤ ምስር በምታክል ነጥብ ላይ፥ በናስትሮ ተጠቅልሎ፥ በእንጨት ተከድኖ ሲቀመጥ ግን ፕላስቲክ ያቀልጣል።

ይህ ችግር ለኤሌክትሪክ ጥበብ አዲስ አይደለም። ኤዲሰን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1882 በኒው ዮርክ የፐርል ጎዳናውን ማመንጫ ሲከፍት ለደንበኞቹ የሰጠው 110 ቮልት ዲሲ ነበር። ቮልቱ ዝቅተኛ በመሆኑ አምፔሩ በዛ፤ አምፔሩ በመብዛቱ የመዳቡ ውፍረት በዛ፤ ብርሃኑም ከማመንጫው አንድ ማይል እምብዛም ሳይርቅ ይደክም ጀመረ። ሌሎቹ በትራንስፎርመር ቮልቱን ከፍ አድርገው በኤሲ ያሸነፉት በዚህ ምክንያት ነው። የራሳችንም አገር ምስክር ቅርብ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጅማ ሲወርዱ በድልድዩ ሥር የሚያልፈው የጊቤ ውኃ ቁልቁል ሄዶ ኦሞ ተብሎ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን፥ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጊቤ ሦስትን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ በወላይታ ሶዶ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ኃይል በ400 ሺህ ቮልት የሚጓዘው፥ አምፔሩን ለመቀነስ ነው። በምሰሶው ላይ 400 ሺህ የነበረው በየማከፋፈያው ወርዶ ወርዶ በቡታጅራ ግድግዳ ላይ 220 ይሆናል፤ በእናታችን ቡፌ ውስጥ 12 ይሆናል። ከሁሉ ያነሰችውን እርከን ስለ ናቅን ነው የከሰለው።

የጥብጣቡ ብርሃን ራሱ ድንቅ ሥራ መሆኑን ሳንጠቅስ ማለፍ አንወድም። በየሦስቱ አምፖል መካከል መቁረጫ የተደረገለት፥ ሦስቱ ደቃቃ አምፖሎች ከአንዲት ማቀቢያ ጋር በተርታ ሆነው 12 ቮልቱን ስለሚካፈሉት ነው፤ ያለ ስፍራው የቆረጠ ሰው ሦስቱን በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ነጩም ብርሃን በውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ቅባት ተቀብቶ ነው ነጭ የሚሆነው። ሰማያዊዋን አምፖል ያስገኙት ሦስት የጃፓን ተወላጅ ሊቃውንት አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ (በአውሮፓውያን 2014) የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ወደ ባጃጁ ልጅ እንመለስ። ቤታችን መጥቶ ሥራውን ሲጀምር አስቀድሞ ያደረገው ነገር አዳፕተሩን ከተጣበቀበት ነቅሎ አየር ከሚያገኝበት፥ ከቡፌው ውጭ ካለ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። «ይኼም እኮ ይተነፍሳል» አለን። ቀጥሎ ቀጭኑን ሽቦ አውጥቶ ከቤት ሥራ የተረፈ አንድ ነጥብ አምስት የሚባለውን ሽቦ አስገባ፤ በመንገድ የሚቀረው ቮልት ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። መገናኛዎቹን በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ አሰራቸው። ጥብጣቡን ከአንድ ጫፍ ብቻ ከመመገብ ይልቅ ከሁለቱም ጫፍ መገበው፤ ደብዛዛው ጫፍ ወዲያውኑ ፈካ። በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፥ ከአዳፕተሩ እንደ ወጣ፥ ባለ 7.5 አምፔሯን ቡናማ የመኪና ፊውዝ ጨመረበት። ይህች ፊውዝ መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ቡፌውን በባትሪ ለማብራት ለሚያስብ ሰው ግዴታ ናት፤ ምክንያቱም አዳፕተር ሽቦ ሲገናኝበት ብዙውን ጊዜ ራሱን ያቆማል፤ ባትሪ ግን አያውቅም፤ ያለውን ሁሉ በአንዴ ይለቅቃል። አንድ የባጃጅ ባትሪ ሽቦን እንደ ምድጃ ብረት ማቅላቱን ልጁ በዓይኑ አይቷል።

በማብሪያው ነገር ግን ተከራከርን። እኛ ትልቅ አምፔር የሚችል ማብሪያ ገዝተን በዚያው በ12 ቮልቱ በኩል እናድርግ አልን። እርሱ ደግሞ፥ «ለምን? አዳፕተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ እንዲሞቅ ነው?» አለ። እውነቱን ነው። ማብሪያው ከአዳፕተሩ በኋላ ከሆነ፥ መብራቱ ቢጠፋም አዳፕተሩ ከግድግዳው ጋር እንደ ተገናኘ ያድራል። ከአዳፕተሩ በፊት፥ በ220 በኩል ከሆነ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሞታል፤ በማብሪያውም የሚያልፈው የአምፔር ግማሽ እንኳ አይሞላም። በዚያ በኩል የሚያስፈራው 220 ቮልትን በእንጨት ዕቃ ውስጥ ማስገባቱ ነው፤ ልጁ ግን ለዚህም መልስ ነበረው። በቡፌው ውስጥ ምንም ማብሪያ አይግባ፤ የግድግዳው ሶኬት ራሱ ማብሪያ ያለው ይሁን። ይህንን ለመትከል ግን እርሱ እንቢ አለ። «220 የእኔ ሥራ አይደለም፤ የቤት ሠራተኛው ሲመለስ ፌዙን ቆርጦ ይሥራላችሁ» ብሎን የበዓሉ ማግሥት እስኪያልፍ አስጠበቀን። የማያውቀውን አላውቅም ያለ ሰው ከወልቂጤው አናጺ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑን ልብ አልን፤ በመካከላቸው የቆምነው እኛ ነበርን።

በ12 ቮልቱ በኩል አንዲት ማብሪያ ብቻ ቀረች። እርስዋም በታችኛው የስኒ ሣጥን በር ላይ ያለችው ናት። እንደ ማቀዝቀዣ በር ናት፤ በሩ ሲዘጋ ቁልፏ ተጭና መብራቱ ይጠፋል፤ ሲከፈት ትለቀቅና ይበራል። በዚያ ውስጥ ያለው ጥብጣብ አንድ ሜትር፥ ያውም የደካማው ዓይነት ስለ ሆነ የሚስበው የአምፔር አራት አሥረኛ ብቻ ነው፤ ትንሿ ቁልፍ ያለ ጭንቀት ትሸከመዋለች። በሩ ተዘግቶ መብራቱ መጥፋቱን ግን እንዴት ታውቃለህ ብንለው፥ ስልኩን ቪዲዮ እየቀረጸ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠና በሩን ዘጋው። አውጥቶ አሳየን፤ ጨለማ ነበር።

ይህን ሁሉ ሠርቶ የጠየቀን ዋጋ እኛ ለቀለጡት ዕቃዎች ካወጣነው ያነሰ ነበር። ስንከፍለው አፍረናል። ያፈርነው በገንዘቡ አይደለም። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው እንዴት ሲታይ እንደ ኖረ የታወቀ ነው፤ የጉራጌን ጎጆ መካከለኛ ምሰሶ ጠርበው ያቆሙ የነበሩት የእንጨት ጥበበኞች እንኳ ያለ እነርሱ ቤት እንደማይቆም እየታወቀ፥ መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። እኛ የዛሬዎቹ ይህን በመጽሐፍ ስናነብ እንቆጣለን። ነገር ግን «ባጃጅ የሚሠራ ልጅ አለ» ሲባል በፊታችን ላይ የታየው ነገር ምን ነበር? እናታችን አይታዋለች፤ በኋላም ነግራናለች።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የባለቤቱ ኀላፊነት ነው፤ ከቡፌው ጀርባ ያለውን ደግሞ የሚቆጣጠር ማንም የለም። አናጺው እንጨቱን ይሸጣል፤ ባለሱቁ ጥብጣቡን ይሸጣል፤ ሽቦውን የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣ የቤቱ ልጅ ነው። ለመስቀልና ለዐረፋ ሰሞን በሁለቱ ከተሞች ስንት ቡፌ እንደዚህ እንደሚበራ ስናስብ፥ የቀለጠችውን ማብሪያ ወርውረን ለመርሳት አልቻልንም።

ከወር በኋላ ወደ ወልቂጤ ስንመለስ ይዘናት ወደ አናጺው ሄድን። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርናቸው። አልሣቁብንም፤ «ብዬህ ነበር» የምትለውንም ቃል አልተናገሩም። ማብሪያዋን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወጡና አዩዋት፤ አሸተቷትም።

«ምን ያህል እንደምትችል የተጻፈው የቱ ጋ ነው?» አሉ።

አሳየናቸው። መነጽራቸውን ቤት ረስተዋልና ጽሕፈቱ አልታያቸው አለ። ጣውላ ሲልግ የነበረውን ተለማማጅ ልጅ ጠርተው እንዲያነብ ሰጡት። ልጁ የእንጨቱን ብናኝ በእጅጌው ጠረገና፥ «250 ቮልት» አለ።

«እርሱን ተወው» አሉት ሽማግሌው። «ከጎኑ ያለውን አንብብ።»

«2 አምፔር።»

እርሳሱን ከጆሮአቸው ላይ አወረዱና በሥራ ጠረጴዛቸው ጣውላ ላይ ጻፉት። ከዚያም ለሠርግ ቤት የሚደርስ ሌላ ቡፌ በእጃቸው ስለ ነበረ፥ የባጃጁን ልጅ ስልክ ቁጥር እንድንሰጣቸው ጠየቁን።